የመቀናጆ ኮምፒውተሮች

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርን ሰዎች አራት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራ፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ እምብዛም ያልረገጥሁ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ፣ ዲግሪዋን በላስቲክ አስለብጣ፣ ሥራ ስታጣ ወደ ቤት የተመለሰች። ሦስተኛው ሽርካዬ ነው፤ ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም፣ ሱቁ ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፣ ከሰው ሁሉ ጋር የሚቀልድ። አራተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ናቸው፤ በከተማው ውስጥ ከእኔ የበለጠ ቁጡ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። የማናችንንም ስም አልጽፍም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የሚያውቀን ያውቀናል፣ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን አይጠቅመውም።

ሥራችን የቆመው በመቀናጆ ነው። እኔ ያደግሁት በስማዳ፣ ከወገዳ በታች ነው። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው። እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጅና በሬዎቹ ተጠምደው አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የጎረቤቱን ማሳ ያርሱ ነበር። እኔና ሽርካዬም እንዲሁ አደረግን። እኔ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ቤቱን አመጣሁ፤ እሱ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ፕሪንተሩን አመጣ። ገቢው እኩል፣ ድካሙ እኩል ነው። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስውል እሱ ይቀመጣል፤ አርብ ቀትር ላይ እሱ መስጊድ ሲሄድ እኔ እቀመጣለሁ። ሕጋችን ሁለት ነው። የአንዱ በሬ እየለፋ የሌላው አይረፍ፤ አንዱ በሌለበት የሱን ንብረት ሌላው አይንካ። በወረቀት የጻፍነው ነገር የለም፤ ተጣልተንም አናውቅም።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ገዳም ሄጄ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ያልገባኝን እየደጋገምሁ እስኪገባኝ መቀመጥን የተማርሁት እዚያ ነው። ኮምፒውተሩንም እንደዚያው ተማርሁት። በገንዘብ የሚሸጠውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ በከተማችን ሰው ሁሉ በስርቆት ቅጂ እየጫነ ይሠራበታል። እኔ ግን በር ሰብሮ የገባም፣ ያልገዛውን ፕሮግራም የጫነም ሌባ ነው ባይ ነኝ፤ ሰው ቢስቅብኝም ሐሳቤን አልቀየርሁም። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባለውን አገኘሁ። ሠሪዎቹ አሠራሩን ለሰው ሁሉ ክፍት አድርገው በነጻ የሚሰጡት ነው፤ መውሰድም፣ ማባዛትም፣ ለጎረቤት መስጠትም ይፈቀዳል። ደንበኛ በየፍላሹ ይዞት የሚመጣው ቫይረስም አያገኘውም ማለት ይቻላል። በሱ ብዙ ዘመን ሠራን። ሊኑክስ ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤት ልጆች እንደሚመሳሰሉ የሚመሳሰሉ ብዙ ዓይነቶች አሉት። እኛ የያዝነው አንዱን ነበር።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ጥቂት ሳምንት ስንሠራ አየችን። ከዚያ አንድ ጧት፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ እኔ ቤቱን ጠርጌ፣ ውኃ ረጭቼ፣ ደጁን ሳጸዳ ጠብቃ፣

«አባዬ፣ ይኼ ሲስተም አልቆለታል» አለችኝ።

«ምኑ አለቀ? ይኸው እየተነሣ አይደል?»

«መነሣቱንማ ይነሣል። የሠሩት ሰዎች ግን ለእንዲህ ያለው አሮጌ እትም ጥገና መላክ አቁመዋል። አዲሱን እትም እንጫን ብንል ለነዚህ ኮምፒውተሮች ይከብዳቸዋል። ወደ ወንድምየው እንዛወር ነው የምለው።»

«ወንድምየው በምን ይበልጠዋል?»

«ቀላል ነው። ሌላው ሁሉ ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ለምን እለውጣለሁ?»

ሽርካዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ልጄ፣ እኔ አንዱን ጨርቅ ሁለት ስም አውጥቼለት በሁለት ዋጋ ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። እኔን በዚህ አትሸውጂኝም» አላት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጨርቅ ልዩነቱ ሲታጠብ ነው የሚወጣው። የዚህም ሲሠሩበት ነው።»

«ወላሂ ይቺን ልጅ እኔ ሱቅ ነው የማስቀምጣት!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሥራ ጉዳይ መሳቅ አልወድም።

ነገሩ በዚያ ይቀር ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን ርእሰ መምህርቷ መጡ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚሰጠው የሞዴል ፈተና ሊታተም ነበር። ባለፈው ጊዜ ኮምፒውተሮቹ በመሀል እየቆሙ ፈተናው ሳያልቅ ቀርቶ፣ ተማሪዎቹ አንዱን ወረቀት ለሁለት እያዩ ነበር የተፈተኑት። ርእሰ መምህርቷ አልረሱትም።

«ሰኞ ጧት ሙሉውን ካላደረሳችሁልኝ፣ ከእንግዲህ የትምህርት ቤቱን ሥራ ደብረ ታቦር ነው የምልከው» አሉ። «መቼም እኔ እናንተን ለማስደሰት ተማሪዎቼን በወረቀት አላጣላም።»

«ይደርሳል» አልሁ። ሲወጡ ልጄ አየችኝ። አስተያየቷ ይበቃ ነበር። በዚያ አሮጌ ሲስተም እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ መወሰን የእኔ ሆነ። መለወጥ በባሕሪዬ አልወድም። የኖረበትን ነገር በየጊዜው የሚጥል ሰው ጓደኛውንም ይጥላል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ሲስተሞች ደግሞ ይህን ያህል ከተመሳሰሉ ልጄ የፈለገችው አዲስ ነገር ማየት ብቻ ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ፤ ወጣት አዲስ ነገር ይወዳል። በሌላ በኩል የቤተ ልሔሙ ዘመኔ ትዝ አለኝ። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚዛወር ተማሪ ይታማ ነበር። ዜማው ያው፣ መጽሐፉ ያው፣ ምን ፍለጋ ትሄዳለህ ይሉታል። እኔ ግን ሁለት ዓይነት ሂያጅ አይቻለሁ። አንዱ ትምህርቱ ስለከበደው ይሸሻል፤ ሌላው መምህሩ አርጅተው ማስተማሩን ስለተዉ ይሄዳል። ሁለተኛውን የሚያማ ሰው ፍርድ አያውቅም። የእኛም ሲስተም ያረጀ መምህር ነበር።

ልጄን ጠርቼ እንዲህ አልኋት፦ «እለውጣለሁ። ግን ስሚኝ። ሰኞ ፈተናው ከደረሰ ይህ ወንበር ያንቺ ነው፤ ቤቱን አንቺ ትመሪዋለሽ፣ እኔም በሥራሽ አልገባም። ካልደረሰ ዲግሪሽን ይዘሽ ባሕር ዳር ሥራ ፍለጋ ትሄጃለሽ፤ ወደዚህ ኮምፒውተርም እጅሽን አትዘረጊም።»

«እሺ አባዬ» አለች። እናቷ ስትሰማ «እንዲህ ያለ ውል ከገዛ ልጅ ጋር ይደረጋል?» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ወንበር በፍቅር አይሰጥም አልኋት። ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ።

ልጄ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ወረደች። በእኛ ከተማ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቶ ነበር። እዚያ ከምትማር ጓደኛዋ አዲሱን ሲስተም በአዲስ ፍላሽ አስጭና አርብ ረፋዱ ላይ ተመለሰች። ከመጫን በፊት መሞከር ይቻላል፤ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣትና የውስጡን ሳይነኩ መሥራት ነው። በእኔ ኮምፒውተር ሞከርነው። ቶሎ ተነሣ፤ መጥረጊያውን እንኳ ሳላነሣ። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በሙሉ ጻፍሁ፤ የግእዝ ቁጥሮቹንም ጻፍሁ፤ አንድም አልጎደለም። የተማሪዎቹን ሰንጠረዥ ከፈትሁ፤ መስመሩ አልተዛነፈም።

«አሁን ፕሪንተሩን እንሞክረው» አለች ልጄ።

«ፕሪንተሩ የማን ነው?»

«የጋሼ።»

«ጋሼ የት ናቸው?»

«ለጁምዓ ሄደዋል። አባዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ እኮ ነው!»

«አንድ ገጽም የሰው ነው» አልኋት። አልተሞከረም። ሽርካዬ ከመስጊድ ሲመለስ ደንበኛ ይዞት ሱቁ ገባ፤ እኛም ረሳነው።

ቅዳሜ ማለዳ ለመጫን ስንቀመጥ ልጄ ሌላ ሐሳብ አመጣች። «አንዱን ዛሬ እንለውጥ፤ ሌላው እስከ ሰኞ ባለበት ይቆይ። ምናልባት አንድ ነገር ቢበላሽ በሱ እናትማለን።»

ምክንያቷ ትክክል ነበር። እኔና ሽርካዬ ግን ተያየን።

«የማን ይለወጥ?» አለ ሽርካዬ።

«የማንም ይሁን።»

«የኔ ከተለወጠና ከተበላሸ፣ የሱ ብቻውን ሊሠራ ነው። የሱ ከተለወጠና ካማረበት ደግሞ፣ የኔ እያዘገመ ሊሄድ ነው። መቀናጆ እንዲህ አይደለም፣ ልጄ።»

«እውነቱን ነው» አልሁ እኔ። «ሁለቱም በአንድ ቀን።»

«ኮምፒውተር እኮ በሬ አይደለም!» አለች ልጄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«በሬ ቢሆን አርደን እንበላው ነበር» አላት ሽርካዬ። ሳቅንና ሁለቱንም ለወጥን። የደንበኞችን ጽሑፍ ሁሉ አስቀድማ ገልብጣ አስቀምጣ ነበርና ምንም አልጠፋም። ገበያው ሳይሞቅ ሁለቱም ተጭነው አለቁ። እኔ አንዱን፣ ሽርካዬ ሌላውን እያጠፋን እያበራን እንደ ልጅ ተጫወትንባቸው። ሽርካዬ «የኔ ቀደመ!» እያለ የጨርቅ ደንበኞቹን ጠርቶ ያሳያል።

በዚህ ደስታ መሀል ርእሰ መምህርቷ የመጨረሻውን የፈተና ጽሑፍ በፍላሽ ይዘው ገቡ። ልጄ ከፈተችውና አትም ብላ አዘዘች። ፕሪንተሩ ዝም። እንደገና አዘዘች። ኮምፒውተሩ ፕሪንተር አላገኘሁም የሚል መልስ ሰጠ። ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ዞረች፤ ያው መልስ።

ፕሪንተርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። አሮጌው ሲስተም ከጥንት ጀምሮ ስለነበረው እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ እንኳ ረስተነው ነበር። አዲሱ የሽርካዬን ፕሪንተር አያውቀውም። ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ኢንተርኔት የለም። ተመልሳ ደብረ ታቦር እንዳትሄድ አውቶቡሱ ወጥቷል፤ እሑድ ሄዳ ሰኞ ጧት ፈተናው አይደርስም። በድሮው እንዳናትም ሁለቱንም በገዛ እጃችን አጥፍተናቸዋል።

«ታዲያስ?» አሉ ርእሰ መምህርቷ ቆመው እንዳሉ።

ሽርካዬ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይጠቀልላል፤ ይፈታል። እኔ በዚያ ሰዓት ልጄን «ውላችንን አስታውሺ» አልኋት። ሁለቱን ነገር የከለከልኋት እኔ እንደሆንሁ እያወቅሁ ነው ያልሁት። ፍርድ ማጓደል ነበር፤ ይህንንም እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ አልደብቀውም።

ልጄ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፣

«ድሮ አሮጌውን ሲስተም የጫናችሁበት ፍላሽ የት ነው?» አለች።

«እሱማ ሽርካዬ ወስዶታል» አልሁ።

«ጋሼ፣ የት አደረጉት?»

ሽርካዬ በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከሱቁ፣ ከማለዳው ጀምሮ መንዙማ ይሰማ ነበር። ፍላሹ የድምፅ ማጉያው ላይ ተሰክቶ የሚዘምረው እሱ ነው።

«መንዙማውን ሲጭኑበት የነበረውን አጠፉት?» ልጄ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን አውቅልሻለሁ?»

«ያስታውሱ እንጂ ጋሼ! አጠፉት?»

«እኔ ማጥፋት መቼ አውቃለሁ? ማጥፋት የሚያውቅ አባትሽ ነው። እኔ የማውቀው መጨመር ብቻ ነው።»

ርእሰ መምህርቷ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሽርካዬ ሮጦ ሄደ፤ መንዙማው ተቋረጠ፤ ፍላሹን በጨርቅ እየወለወለ ይዞ መጣ። ልጄ በኔ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ከፍላሹ አሮጌው ሲስተም ተነሣ፤ ከመንዙማው ጋር አብሮ ኖሮ ምንም አልሆነም። እንደተነሣም ፕሪንተሩን አወቀው።

«ይኸው! በዚሁ አትሚዋ» አልሁ።

«አባዬ፣ ይኼ ከፍላሽ እየተነሣ ፈተናውን አይጨርስም፤ ከድሮውም ይዘገያል። የምፈልገው ድራይቨሩን ብቻ ነው።» ከአሮጌው ሲስተም ውስጥ ድራይቨሩን ፈልጋ አወጣች፤ ገልብጣ ያዘች፤ አዲሱን አስነሥታ ሰጠችው።

«የሌላውን ይቀበላል?» አልኋት።

«ያው ናቸው እያልኩዎት? የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱ የለበሰው ለሌላው ይሆነዋል።»

አትም ብላ አዘዘች። ፕሪንተሩ እንደሚያስል ሰው አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ አንድ ወረቀት ተፋ። የቀለሙ ልክ ስላልተስተካከለ ጥቂት ወረቀት ጨለመብን። አስተካከለችው። ከዚያ የሒሳብ ፈተናው የመጀመሪያ ገጽ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ርእሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጠርዙ እንዳልተቆረጠ አዩ።

«ይኼማ ከደብረ ታቦሩም ይበልጣል» አሉ። ሽርካዬ እጁን አንሥቶ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ገበያተኛው ምን ተገኘ ብሎ በሩን ሞላው። እኔ «ተመስገን» አልሁና ከወንበሩ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አልኋት።

«ሰኞ ነበር እኮ ውሉ።»

«ሰኞም ዛሬም አንድ ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ትከሻዋን ቀና አድርጋ፣ ድራይቨሩን ለሁለተኛውም ሰጥታ፣ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ አዘዘች። ሁለቱም ሳይቆሙ እየተቀባበሉ ላኩ፤ ፕሪንተሩም አላረፈም። እኔ ወረቀት አቀባይ ሆንሁ። ሃያ ዓመት የተቀመጥሁበትን ወንበር ለቅቄ ወረቀት ማቀበል ያሳፍረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሳፈረኝም። እንዲያውም የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ሆነ። በእሑድ እኔም ልጄም ሥራ አንነካም፤ ሰኞ ፈተና አለ ብዬ ይህን አላፈርስም። የቀረውን ማተም የሽርካዬ ቀን ሆነ። ልጄ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት እንዴት እንደሚታተም በእጁ እያስያዘች አስተምራው ነበር። በቅዳሴው ሰዓት ሐሳቤ ፕሪንተሩ ላይ እየሄደ ስንት ጊዜ እንደመለስሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ስንወጣ ልጄ በቀስታ ለመራመድ ትሞክራለች፤ እግሯ ግን እየቀደማት ይሮጣል። እኔም ጋቢዬን ሰብስቤ ተከተልኋት።

ሽርካዬ ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ፈተናው ሁሉ ታትሞ፣ በየትምህርቱ ተለይቶ፣ ከጨርቁ ቁርጥራጭ እየቀደደ አስሮታል፤ ሒሳብ በቀይ፣ እንግሊዝኛ በሰማያዊ፣ ፊዚክስ በአበባ ጨርቅ።

«ምን ሰዓት ጨረስህ?» አልሁት።

«ቆይቷል። እናንተ ጌታችሁን ስታመሰግኑ እኔ ሥራችሁን ስሠራ ነበር። ደሞ ይቺ ልጅህ ያስተማረችኝ አንድም አልጠፋብኝም።» ከዚያ ወደሷ ዞሮ «አለቃዬ፣ እዪው፤ ጎድሎ እንደሆን ቅጭኝ» አላት። አለቃዬ ያላት በቀልድ ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ሰኞ ማለዳ ፈተናውን ተሸክመን ትምህርት ቤቱ ደረስን። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ወረቀት ይዞ ሲገባ በአጥሩ በኩል ቆመን አየን። ርእሰ መምህርቷ አላመሰገኑንም፤ የሚቀጥለውን ሥራ የያዘ ፍላሽ አውጥተው ለልጄ ሰጧት። ለእኔ አልሰጡኝም፤ ለሷ ነው የሰጧት። እንደዚያ ነው ድል የሚታየው።

አሁን ከጋይንትም ከወገዳም ሰው እየመጣ ይህን ሲስተም ጫኑልን ይለናል። ልጄ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን አስቀድማ ሳትሞክር አትጭንም፤ ሁለት ላለው ደግሞ አንዱን ብቻ ጭና ትልከዋለች። አሮጌውን ልተው ወይስ በሱው ልቆይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው አጭር ነው። አዲስ ስለሆነ አትለውጥ፤ ስለለመድኸው ብቻም አትቆይ። ሥራህን የሚሠራልህን ያዝ።

ወጪውን ከሽርካዬ ጋር ተቀምጠን አሰብን። ሲስተሙ ራሱ በነጻ ነው። ልጄ ደብረ ታቦር ደርሳ የተመለሰችበት የአውቶቡስ ሦስት መቶ ብር፣ አዲሱ ፍላሽ አምስት መቶ፣ የጨለመው ወረቀትና ቀለም ሁለት መቶ፤ ፈተናውን ያሰረበትን ጨርቅ ሽርካዬ አንድ መቶ ብሎ አስገባው፣ እኔም አልተከራከርሁም። እኩል ተካፍለን ከፈልን። ከዚህ ወጪ ልጄንም ርእሰ መምህርቷንም ምንም አላስከፈልናቸውም። ሁለታችንን በድምሩ ያስወጣን አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ነው።